የበር በኩሉ አልጋ

ባሌ በወጣትነታችን ከእኔ ጋር ካደራቸው ቅዳሜዎች ይልቅ ከዴሊዮ ጋር ያደራቸው ይበዛሉ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ! እኔ ግን ስቄበት አላውቅም።

ዴሊዮ በረኛ ነበር፤ ባሌ ኦሪያኖ ደግሞ አጥቂ። እኛ አካባቢ፣ ፖ ወንዝ ባሕር ሊገባ ሲል በሚያቋርጠው በዚህ ጭጋጋም ሜዳ ላይ ያደገ ሰው ኦሪያኖ ፋንቲ የሚለው ስም አይጠፋውም። "መዶሻው" ይሉት ነበር። በእግሩ ያገባው ግብ በጣት የሚቆጠር ነው፤ የቀረውን ሁሉ ያገባው በቴስታ ነው። ኮርና ሲመታ ተከላካዮቹ ኳሱን ትተው እሱን ይፈልጉ ነበር። እሱ ግን ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ከመሀላቸው ብቅ ይልና ጓ! ያደርገዋል። ያኔ ኳስ ማለት ቆዳ ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ እንደ እርጥብ ጡብ ይከብዳል። ኦሪያኖ ደግሞ የጡብ ሠራተኛ ልጅ ስለሆነ ጡብ በግንባሩ መምታት ምንም አይመስለውም ነበር። የከተማችንን ቡድን ተሸክሞ ሴሪ ኤ አስገባው ብል እንደ ሚስት አዳላሁ አትበሉኝ፤ ዛሬም ድረስ ቡና ቤት ውስጥ ሽማግሌዎቹ የሚያወሩት ይህንኑ ነው።

የሌሎች ተጫዋቾች ሚስቶች የሚቀኑት በአስተናጋጆች ነበር፤ ስታዲየሙ በር ላይ ፎቶ ይዘው በሚጋፉ ኮረዶች። እኔ የቀናሁት በዴሊዮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨዋታ እሁድ ከሰዓት ነው። ሚስተሩ፣ አሰልጣኝን የምንጠራው እንደዚያ ነው፣ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ሁሉንም ሰብስቦ ኮረብታው ላይ ያለ ሆቴል ውስጥ ይዘጋባቸዋል። ሪቲሮ ይባላል። ሚስት በዚያ በር አታልፍም። እጮኛም አታልፍም። እናት እንኳ የታጠበ ካልሲ ለዘበኛው ሰጥታ ከአጥር ውጪ ትመለሳለች። የእኛ ሚስተር "ሴት ቅዳሜ ያቀፈችው እግር እሁድ አይሮጥም" ብሎ ለጋዜጣ ሳይቀር ተናግሯል። እኔ የኦሪያኖን እግር መች ፈለግሁት? በጭንቅላቱ አይደል እንዴ የሚያገባው!

ሆቴሉ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚተኙት። ማን ከማን ጋር እንደሚያድር አንዴ ከተወሰነ በኋላ የሚነካው የለም፤ ቡድኑ ካሸነፈማ ሚስተሩም ቢሆን ጥንዶቹን መለየት ይፈራል። ኦሪያኖና ዴሊዮ መጀመሪያ አብረው ባደሩ ማግስት አሸነፉ። አለቀ። እኔ ከማግባቴ በፊት እነሱ ተጋብተው ቆዩኝ።

ዴሊዮ የኪዮጃ ሰው ነው፣ የባሕር ልጅ። እጁ አካፋ ያህላል፣ ሲስቅ መስኮት ይንቀጠቀጣል። መጥፎ ሰው ቢሆን ኖሮ እፎይ እል ነበር። ሰውዬው መልካም ነው፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ። አንድ ቀን እቤታችን ምሳ ጋበዝነው። ፍራፍሬ ሳቀርብ ዴሊዮ ወሬውን ሳያቋርጥ አንድ ኮክ አነሳና ልጦ ልጦ ኦሪያኖ ሳህን ላይ አስቀመጠለት።

"እሱ እጅ የለውም?" አልኩ።

"የኮክ ፀጉር ያሳክከዋል እኮ" አለኝ ዴሊዮ። "አታውቂም እንዴ?"

ተጋብተን ዓመታት አልፈዋል። አላውቅም ነበር። ኦሪያኖ ደግሞ እንደ ሕፃን አጎንብሶ ኮኩን ይበላል። ዕቃ ላጥብ ብዬ ገባሁና ሳህኖቹን እንዴት አድርጌ እንዳጠብኳቸው እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

ከዚያ ከሰሜን አንድ ትልቅ ቡድን ኦሪያኖን ወሰደው። ከተማው በሙሉ ሲያዝን እኔ እየዘፈንኩ ዕቃ ጠቀለልኩ። በአዲሱ ቡድን ከአንድ ዝምተኛ አማካይ ጋር አሳደሩት፤ ግቡም እምቢ አለው። ኳስ ግንባሩን እየሳተች ጆሮውን ትመታው ጀመር። ሁለተኛው የውድድር ዘመን ሲያልቅ ወደ ከተማችን ቡድን ተመለሰ። ጋዜጠኛው ማይክራፎኑን ዘርግቶ "ምን ናፍቆህ ነበር?" ሲለው ይኼ የእኔ ባል በሰው ሁሉ ፊት "ክፍሌ" አለ። ሰው ያደገበትን ክፍል፣ የእናቱን ቤት መሰለው። እኔ ግን የትኛው ክፍል እንደሆነ አውቃለሁ። ባለ ሁለት አልጋው ነው!

ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ጫማ ሰቀለ። በመሰናበቻው ቀን ሽማግሌዎች በመሐረብ ዓይናቸውን ሲጠርጉ እኔ ጥርሴ አልከደን አለ። ቅዳሜዎቼ ተመለሱልኛ! ዴሊዮ ወደ ባሕሩ ሄደ፤ እኛ አደባባዩ ጥግ የስፖርት ዕቃ ሱቅ ከፈትን። ቅዳሜ ቅዳሜ ፒዛ እንበላ ነበር፤ ዳንስ ቤት ሳይቀር ወሰደኝ። ሰው እየመጣ "መዶሻው፣ ያቺን የጭቃዋን ግብ ንገረን" ሲለው እጁን እይዘውና "ዛሬ የእኔ ነው፣ ነገ ጠይቁት" እላቸው ነበር። ረጅም ጊዜ እንዲህ ኖርን። ደስ የሚል ጊዜ ነበር።

መርሳት የጀመረው በትንንሹ ነው። መጀመሪያ የሱቁን ቁልፍ፣ ከዚያ የደንበኞችን ስም፣ ከዚያ ሱቅ እንዳለን ራሱን ረሳው። ሐኪም ቤት ስወስደው ዶክተሯ ስለ ቴስታዎቹ ጠየቀችኝ። ሕይወቱን ሙሉ ነው አልኳት። አንገቷን ነቀነቀችና ጻፈችው። እኔ ግን ያን ሁሉ ዘመን "ጭንቅላቱ የእኔ ነው፣ እግሩን ይውሰዱት" እል የነበርኩት ትዝ አለኝ።

ከሁሉ የባሰው ቅዳሜ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጎረቤት የምታውቀው የዋህ ሽማግሌ ነው፤ ያወራኛል፣ "ኢልቫ፣ መነጽሬን አየሽልኝ?" ይለኛል። ቅዳሜ ምሳ እንደበላ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። አሮጌውን የቡድን ቦርሳ ከቁም ሳጥን ላይ ያወርዳል። ፒጃማ፣ መላጫ፣ ነጠላ ጫማ ይከታል። ቱታውን ለብሶ የግቢው በር ላይ ቆሞ አውቶቡስ ይጠብቃል።

"ኦሪዬ፣ ዛሬ ጨዋታ የለም" እለዋለሁ።

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ሚስተሩ ዘገየህ ብሎ ተጠባባቂ ያደርገኛል!"

በሩን ቆለፍኩበት። በሩን በግንባሩ መታው። ያ የስንቱን በረኛ መረብ የቀደደ ግንባር ብረት ላይ ደማ። ጎረቤቶች በረንዳ ላይ ወጥተው ሲያዩን በሩን ከፈትኩለትና አብሬው ልቆም ወጣሁ። አንድ ቀን ግን ኮት ላምጣ ብዬ ዞር ስል በጭጋጉ ውስጥ ጠፋ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ነው ዋናው መንገድ ላይ፣ መኪና በሚከንፍበት፣ ቦርሳውን ተሸክሞ ወደ ኮረብታው ሲገሰግስ ያገኘው። በመኪናው ሊገጨው ምንም አልቀረውም ነበር።

ልጃችን ቲዚያና በማግስቱ መጣች። ስታለቅስ እንዳደረች ያስታውቃል።

"እማዬ፣ መነኮሳቱ ሽማግሌዎችን በሚጦሩበት ቤት ቦታ አለ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ዛፍ አለው። እሁድ እሁድ ትጠይቂዋለሽ።"

"እሁድ እሁድ!" አልኳት። "ሚስተሩም እኮ እሁድ ማታ ነበር የሚመልስልኝ። አሁን ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ልስጣቸው?"

"ቀልድ አይደለም፣ እማዬ። አንድ ጊዜ ደግሞ መንገድ ላይ ከተገኘ እኔ ራሴ ነኝ የምወስደው። ሞቱን አስፋልት ላይ አላይም።"

ልጅቷ እውነቷን ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። ዶክተሯ "አትከራከሪው፣ የሄደበት አብረሽው ሂጂ" ብላኝ ነበር። እሱ የሚሄደው ሪቲሮ ነው። እንግዲያው ቤቱን ሪቲሮ አደርገዋለሁ አልኩ። የእንግዳውን ክፍል አጽድቼ ሁለት ነጠላ አልጋ ዘረጋሁ፤ አንሶላውን ወታደር ቤት ይመስል ወጠርኩት። የሰርጋችንን ፎቶ ከኮሪደሩ ግድግዳ ላይ አወረድኩ፤ ሆቴል ውስጥ የማን ሙሽራ ትሰቀላለች? ያን ጊዜ ይበሉት የነበረውን፣ ዘይትና አይብ ብቻ ጣል ያለበት ነጭ ሩዝ ቀቀልኩ። ማርማላታ የተቀባ ኬክ፣ ክሮስታታ የምንለውን፣ ጋገርኩ። ቅዳሜ ቦርሳውን ሲያነሳ ክንዱን ይዤ ቤቱን አዙሬ በጓሮ በር አስገባሁት።

"ደርሰናል" አልኩት።

ዙሪያውን አየ። ደስ አለው። ክፍሉን ከፈትኩለት። ሁለቱን አልጋ አየና ፊቱ ጠቆረ።

"ዴሊዮስ?"

"ይመጣል።"

"ያለ ዴሊዮ አልገባም" አለና ቦርሳውን አንስቶ ወደ በሩ። ያን ቀን በመከራ ነው ያስቀረሁት፤ ቲዚያና መጥታ በሩ ላይ ቆመችልኝ። ዓይኗን ሳየው "አንድ ጊዜ ደግሞ" የሚለው ቃሏ እንዳልተነሳ ገባኝ።

ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ከዓለም ሰው ሁሉ መርጬ የማልለምነው ሰው ቢኖር ዴሊዮ ነው። ሚስቱ ሞታ ስትቀበር እንኳ አበባ ልኬ ቀርቻለሁ። ረቡዕ ጠዋት ስልኩን አነሳሁ።

"ኢልቫ?" አለ፣ ድምፁ ዛሬም መስኮት ያንቀጠቅጣል። "ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ቅዳሜ ፒጃማህን ይዘህ ና።"

  የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ በሩን፣ መንገዱን፣ መነኮሳቱን። እንዳላለቅስ ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ ለእሱ ማልቀስ አልፈለግሁም።

"አልጋዎቹን እንዴት ነው ያደረግሻቸው?" አለኝ በመጨረሻ።

"እሱን ግድግዳ በኩል፣ አንተን በር በኩል።"

"አይ አይ፣ አይሆንም! እሱ በር በኩል ነው የሚተኛው።"

"ዴሊዮ፣ ባሌ ከተጋባን ጀምሮ ግድግዳ በኩል ነው የሚተኛው።"

"ካንቺ ጋር ይሆናል" አለኝ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። "ክፍል ውስጥ ግን በር በኩል ነው። ደግሞ በሩ ላይ አሥራ ሁለት ቁጥር ጻፊበት፤ ሌላ ቁጥር ካየ አይገባልሽም።"

ስልኩን ዘግቼ አልጋዎቹን ቀየርኩ። አልጋ መግፋት ለጀርባዬ ጥሩ አይደለም። በሩም ላይ በጠመኔ አሥራ ሁለት ጻፍኩ። እየጻፍኩ ስሰድበው ነበር፤ ጠመኔው ሁለቴ ተሰበረ።

ቅዳሜ ዴሊዮ አንድ ሳጥን ቀይ ሰላጣ ታቅፎ መጣ። አርጅቷል። ትከሻው ወርዷል፣ እጁ ግን ያው አካፋ ነው። ኮቱንና ኮፍያውን ተቀበልኩት። ኮቱን ሰቀልኩ። ኮፍያውን ግን ይዤ ወደ አሥራ ሁለት ቁጥር ገባሁና አልጋው ላይ፣ ትራሱ መሀል አኖርኩለት። አልጋ ላይ ኮፍያ ማስቀመጥ እኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቃል፤ ቄሱና ሐኪሙ ለሚሞት ሰው ሲመጡ ነው ኮፍያቸውን አልጋ ላይ የሚጥሉት። አውቄ ነው ያደረግሁት። ዴሊዮ ገብቶ አየው። ኮፍያውን አነሳና በሩ እጀታ ላይ አንጠለጠለው። ዘወር ብሎ አየኝና ትራሱን አስተካከለ። ቢናገረኝ በተሻለኝ ነበር።

ኦሪያኖ በጓሮ በር ሲገባ ዴሊዮ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር።

"አንተ እጀ ሳሙና!" ብሎ ጮኸ ባሌ። እንዲያ ከጮኸ ስንት ዘመኑ! "እኔ ስንት አግብቼ አንተ ስንት ታስገባለህ?"

"አንተ ደግሞ፣ ባዶ ቅል! ኳሱ እንኳ ሲመታህ ያስተጋባል!"

"ና፣ ክፍላችን የቱ ነው?"

"የቱ ሊሆን ነው? አሥራ ሁለት ነዋ፣ ዝሆን!"

ተቃቅፈው ገቡ። ባሌ ለወራት ያላሳየኝን ፊት አየሁ፤ ቀጥ ያለ፣ የሚያበራ፣ የሠላሳ ዓመት ሰው ፊት። እኔ ኩሽና በር ላይ ፎጣ ይዤ ቆሜያለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስም ብሎኛል። ግን እኔ ለወራት በየደቂቃው ስፈልገው የኖርኩትን ሰው ያ ሰውዬ በአንድ ስድብ አወጣው፤ ይኼ ነው የቆረጠኝ።

ገና መብራት ሳይበራ እራት አቀረብኩ። ሩዙን በልቶ ሲጨርስ ኦሪያኖ ቀና ብሎ አየኝ። በአክብሮት ፈገግ አለ።

"እጅዎ ይባረክ፣ ሲኞራ" አለኝ። "ከአሮጌው ሆቴል ያንቺ… ይቅርታ፣ የእርስዎ ይሻላል።"

እርስዎ! ባሌ!  ዴሊዮ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካ አደረገኝ።

"እናመሰግናለን በይው" አለኝ በዓይኑ።

"ይመስገን፣ ይብሉ" አልኩ። ሳህኑን አነሳሁና ክሮስታታውን አቀረብኩ። ክሮስታታውን ሁለት ጊዜ ጨመረ።

ከዚያ ተነሳና ኪሱን ዳበሰ። የቀረውን ሁሉ አስቤ ነበር፤ ይህን ግን ረስቼዋለሁ። ሪቲሮ ውስጥ ከእራት በኋላ ቤት ይደወላል። ኮሪደር ላይ አንድ ስልክ ብቻ ነበር፤ ቡድኑ በሙሉ ይሰለፍበታል። እኔ እቤት ስልኩ ሥር ተቀምጬ ስጠብቅ እሱ "በልቻለሁ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና እደሪ" ብሎ ይዘጋብኝ ነበር። ከኋላው የሰው ጫጫታ ይሰማኛል፤ የዴሊዮ ሳቅ ከሁሉ በላይ። ዓመት ሙሉ ስጠብቅ፣ ዓመት ሙሉ ሦስት ቃል።

"ሲኞራ፣ ስልክ አለዎት? ሚስቴ ጋ ልደውል።"

"አሁን ተኝታ ይሆናል" አለ ዴሊዮ ቶሎ ብሎ።

"አትተኛም። ሳልደውልላት አትተኛም።" ፊቱ መጨነቅ ጀመረ። "ካላነሳች አንድ ነገር ሆናለች ማለት ነው። በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ!"

ዓይኑ በሩን ሲፈልግ አየሁ። ዴሊዮም አየ። በዚያ በር ከወጣ ቲዚያና ቃሏን አታጥፍም። ሁለታችንም ሳንነጋገር የምናደርገውን አወቅን፤ ከዴሊዮ ጋር በሕይወቴ አንድ ሐሳብ ያሰብነው ያኔ ብቻ ነው። "ስልኩ ኮሪደሩ ላይ ነው" አልኩና ሞባይሌን ይዤ ኩሽና ገባሁ፤ በሩን ዘጋሁ። ዴሊዮ ቁጥሬን ሲመታ ሰማሁ። እጄ ላይ ጠራ።

"ሃሎ" አልኩ። ድምፄን ልጅ ለማድረግ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

"ኢልቫ? እኔ ነኝ።"

"በላህ?"

"በልቻለሁ። ደህና ነኝ።" አሁን "ደህና እደሪ" ብሎ ሊዘጋ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልዘጋም። "ዛሬ ሰልፍ የለም" አለኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ዴሊዮ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ዞሮልኛል።"

"እና?"

"እናማ ላውራሽ። ሌላ ጊዜ እነዚያ ከኋላዬ ቆመው ያሾፉብኛል፤ አንድ ቃል ብተነፍስ ሳምንቱን ሙሉ መልበሻ ክፍል ውስጥ ይዘፍኑብኛል።" ሳቀ። "እዚህ ሁልጊዜ በር በኩል ነው የምተኛው፣ ነግሬሽ አውቃለሁ?"

"አልነገርከኝም።"

"ሚስተሩ 'ሂዱ' ቢል መጀመሪያ የምወጣው እኔ እንድሆን።"

"ወዴት?"

"ወዴት ትያለሽ? ወደ ቤት ነዋ! እቤት ስሆን ግን ግድግዳው ጥግ ነው የምገባው። ከዚያ ወዴት እሄዳለሁ?"

በአንድ እጄ የኩሽናውን ጠረጴዛ ያዝኩ። ይህን ቃል ለማግኘት ስንት ቅዳሜ ተቀምጫለሁ! አሁን መጣ፤ ድምፁ በበሩ ሥንጥቅም በስልኩም ይሰማኛል። ግን የሚነገራት ለእሷ ነው። ለዚያች ፀጉሯ ጥቁር ለሆነ፣ ስልኩ ሥር እግሯን አጥፋ ለተቀመጠች ልጅ። እኔ ሰሚ ብቻ ነኝ።

"የሆቴሏ ሲኞራ ደግ ናት" አለኝ። "አሮጊት ናት፤ ዓይኗ ግን ያንቺን ይመስላል። እንዳትቀኚ ብዬ ነው የምነግርሽ።"

"አልቀናም" አልኩ። ዋሸሁ።

"ደህና እደሪ፣ ኢልቫ።"

ዓይኔን በፎጣ ጠርጌ ስወጣ የስልኩን እጀታ በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ነበር፤ እንደ ብርጭቆ ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

"አገኟት?" አልኩት።

"አገኘኋት። ደህና ናት።"

መጠየቅ አልነበረብኝም። ግን ምላሴን መያዝ አቃተኝ። "ቆንጆ ናት?"

"ኧረ ተዉኝ፣ ሲኞራ!" አለና እንደ ጎረምሳ ቀላ። "አንድ ዓመሏ ብቻ፣ ቀናተኛ ናት።"

"በማን?"

"በዚህ!" ብሎ ዴሊዮን በአገጩ አሳየኝ፤ ሁለቱም ሳቁ። የዴሊዮ ሳቅ ግን ቶሎ ጠፋ። ባሌ መልካም እረፍት ተመኘልኝና አሥራ ሁለት ቁጥር ገባ። ዴሊዮ ተከተለው። እኔ የቲዚያና አሮጌ አልጋ ላይ፣ የአሻንጉሊቶቿ መደርደሪያ ሥር ተኛሁ። በዴሊዮ መቅናቴን ፈለግሁና አጣሁት፤ ምስኪኑ ሽማግሌ ያን ሁሉ ዘመን የሚያዳምጠው ስለዚያች ልጅ ኖሯል። አሁን የማልችላት እሷ ናት። ሁሉ ነገር የእሷ ነው፣ ስልኩም፣ ናፍቆቱም፣ ባልየውም። ለእኔ የቀረኝ ሩዝ መቀቀል ነው።

እሁድ ረፋድ ላይ ዴሊዮ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ኦሪያኖን ይዞት ወጣ። የወንዙ ግድብ ላይ ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው። ዴሊዮ በእጁ አየሩን እየቀዘፈ ጨዋታውን ይተርክለታል፤ ማን አቀበለ፣ ማን ሳተ፣ ኮርናው ከየት በኩል ተመታ። ባሌ እየቆመ ያዳምጣል፣ አንገቱን ወደ ኋላ ሰብቆ ያለ ኳስ ይገጫል። ምሳ ሲደርስ የፊቱ በር ተከፈተ።

"ኢልቫ!" አለ ጫማው ጭቃ እንዳለበት። "መጣሁ። አሸነፍን!"

"በቴስታ?"

"በምን ሊሆን ኖሯል?"

አንገቴ ሥር ሳመኝ። ጢሙ የሳሙና ሽታ ነበረው። አወቀኝ፣ ስሜን ጠራኝ፣ አንቺ አለኝ። ቲዚያናም ለምሳ መጥታ ነበርና "ልጄ፣ ከስተሻል" አላት። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ኩሽና ተከትላኝ ገባችና "ዴሊዮ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ ከሆነ መነኮሳቱ ጋ አልደውልም" አለችኝ። ዴሊዮ ግቢው ውስጥ ቆሞ መኪናውን ሊያስነሳ ሲል መስኮቱን ከፈትኩ።

"ወዴት ነው? ግባና ብላ! ደግሞ ፒጃማህን አትውሰድ፣ አጥብልሃለሁ።"

አራት ሆነን ተቀመጥን። ባሌ ከጎኔ፣ ትከሻው ትከሻዬን ነክቶ። ከዚያ በላይ ምን ልመኝ? የትናንቱ ክሮስታታ ተርፎ ነበርና ቆርጬ ሰጠሁት። አንድ ጊዜ ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ።

"ጥሩ ነው" አለ። "የሆቴሏ ሲኞራ የጋገረችው ግን ይበልጣል። ያቺ ሴት እጅ አላት።"

ያው ክሮስታታ፣ ያው ሳህን! ቲዚያና ሳቋ አመለጣት። ዴሊዮ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ደሜ ፈላ፤ ራሴን መያዝ አቃተኝ። ፎጣውን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

"እንግዲያው ሂድና እሷን አግባት!"

ኦሪያኖ ማላመጡን አቆመ። ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ አየኝ፤ አንዴ ፎጣውን፣ አንዴ ሽበቴን። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ተነሳ፤ ልክ እንደ ትናንቱ በአክብሮት ጎንበስ አለ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሲኞራ" አለኝ። "እኔ ሚስት አለችኝ።"